አምስተኛው ቤት

«ቀስ በል እንጂ ረዲ! መርሳ እንደሆነች ጥላን አትሄድ!» አሉ አያ ወልደገሪማ፣ ሚኒባሱ ሲሪንቃን አልፎ ቁልቁለቱን ሲንደረደርበት ሁለት እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ተክለው።

«ኧረ አያ! እርስዎን ጭኖ ቀስ ያለ ሹፌር እኮ ይረገማል። ሙሽሮች እየጠበቁን!» አለ ረዲ፣ መንገድ ለዘጋች ግመል ጡሩምባውን እየነፋ።

ሙሽሮች ያለው አፉ እንዳመጣለት ነው። ሙሽራ ገና የለም። ሙሽራ ይኑር ወይም አይኑር የሚለውን የሚቆርጡት ጋቢና የተቀመጡት ሽማግሌ ራሳቸው ናቸው፤ ለዚያም ነበር ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፋቸው ያልዞረው።

ጊዜው ኅዳር፣ ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት። በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ታጭዶ ተከምሯል። ከሳዑዲ የተባረረው የሐብሩ ልጅም በየመንደሩ ደጃፍ ተከምሯል፤ አንዱ ብርድ ልብስ፣ አንዱ ባዶ ሻንጣ ይዞ፣ አንዱ በነጠላ ጫማው ብቻ። የአያ ወልደገሪማ ልጅ ጽገረዳ ከዘጠኝ ቀን በፊት ወልድያ መናኸሪያ ስትወርድ በእጇ የነበረው የፕላስቲክ ከረጢት ብቻ ነው። ለሰባት ዓመት ያላዩትን ልጅ አቅፈው አለቀሱ። ሰው ሁሉ የደስታ እንባ መሰለው። ደስታስ ነበረበት፤ ግን ሁሉም ደስታ አልነበረም።

አያ ወልደገሪማን የማያውቅ ካለ ላስተዋውቀው። በወልድያም ሆነ በሐብሩ ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ሰባት ቤት ያስቆጥራል፤ ሰባት ቤት ድረስ ዘመድ የሆነ አይጋባም። ቆጣሪው ደግሞ እሳቸው ናቸው። ቆጠራውን ከአባታቸው፣ አባታቸው ደግሞ ከእናታቸው አባት ወርሰውታል። አሠራራቸው እንዲህ ነው፦ ሰሌን ይነጠፋል። ከትንሽ የቆዳ ከረጢት ሽምብራ ያወጣሉ። ለወንዱ አንድ ረድፍ፣ ለሴቷ አንድ ረድፍ፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ስም እየጠሩ ለአንድ ቤት አንድ ፍሬ ያስቀምጣሉ። በሁለቱም ረድፍ አንድ ዓይነት ስም ካልተጠራ «ይባረክ!» ይላሉ። ከተጠራ ግን ሁለቱን ፍሬ አንስተው ያጋጥሙና «እህትና ወንድም ናቸው፤ ስለ እግዚአብሔር ተውት» ይላሉ። ሰው ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የተከራከራቸው የለም። ማን ደፍሮ!

ከኋላቸው ባለው ወንበር ከጽገረዳ ጎን የተቀመጠው ያሬድ ይባላል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ግንባሩ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለበት የመርሳ ልጅ። ዛሬ ማልዶ ወልድያ ድረስ የመጣው ቆጣሪውን ለመውሰድ ነው፤ በወጉ ቆጣሪን የሚያመጣው የወንዱ ወገን ነውና። ሊያገባ የፈለገው ታናሽ ወንድሙ ሚኪኤል ነው። የተመኛት ልጅ ደግሞ ፍረወይኒ፣ የአያ ወልደገሪማ ታናሽ ወንድም የኣሉላ ልጅ ናት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያንቀው። ከሰባት ዓመት በፊት ይኸው ያሬድ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ጽገረዳን ፈልጎ። ሁለቱ እንደሚዋደዱ አገር ያውቃል። ያን ዕለት አያ ወልደገሪማ ሰሌን አላነጠፉም፣ ሽምብራም አላወጡም። «ቆጥሬዋለሁ» አሉ ብቻ፤ «በአምስተኛው ቤት ይገናኛሉ። በእናቱ በኩል።» ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ያሬድ ግን ተመልሶ ገባና ጉልበታቸውን ሳመ። «ጋሼ፣ ከኃጢአት አተረፉኝ» አላቸው፣ እያለቀሰ። በወሩ በሞያሌ በኩል ደቡብ አፍሪካ ገባ፤ ባዶ እጁን የተመለሰው ገና አምና ነው። ጽገረዳም በአሚና ስም ፓስፖርት አውጥታ ጅዳ ሄደች። እናቷ ስትሞት እንኳ አልነበረችም።

አንባቢዬ፣ ምን እደብቅሃለሁ፤ ውሸት ነበር። ያሬድና ጽገረዳ በአምስተኛውም፣ በሰባተኛውም፣ በሰባ ሰባተኛውም ቤት አይገናኙም።

«ጽጌ፣ እስቲ ያንን የብርጭቆውን ነገር ለያሬድ ንገሪው» አለ ረዲ፣ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ። ረዲ ራሱ አራት ዓመት ጅዳ ሠርቶ የተመለሰ ነው፤ ሚኒባሷንም የገዛት በዚያው ገንዘብ ነው።

«ምኑ ይነገራል» አለች ጽገረዳ። ከዚያ ነገረችው። «የኔ ብርጭቆ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበት ነበር። የሚቀመጠውም ከሌላው ጋር አይደለም፤ እታች፣ ከበረኪናው አጠገብ። የመጀመሪያ ቀን ለኔ ያሰቡልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ እንግዳ አክባሪዎች ናቸው ብዬ! ልጃቸውን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ከኔ ጋር ካልሆነ አይተኛም። አራት ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን 'አብዳ፣ ውሃ አምጪ' አለኝ። ባሪያ ማለቱ ነው። ለእናቱ ብነግራት ሳቀች። 'ልጅ አይደለም እንዴ! እኛ ዘንድ ዘረኝነት የለም፤ ሃይማኖታችን ከልክሎታል' አለችኝ።»

«ሃይማኖቱስ ወላሂ ከልክሎታል» አለ ረዲ ቆጣ ብሎ። «ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ የልጅ ልጃቸው እኔን እንዲያ ብሎ ሲጠራኝ ሰምተው ጆሮውን ይዘው እጄን አሳሙት። አላህ ይዘንላቸው። ሌላው ግን ጁምዓ ጁምዓ ስለ ቢላል ሲሰበክ ያለቅሳል፤ ከመስጊድ ወጥቶ 'ያ አብድ፣ መኪናዋን እጠብ' ይልሃል። ምንም አይመስለውም እኮ! ብትነግረው የሰደብከው አንተ ትሆናለህ።»

ያሬድ ጠባሳውን ዳበስ አደረገ። «እኔ የነበርኩበት ደግሞ ሌላ ነው። እነሱ ስለ ዘረኝነት ሲያወሩ ይውላሉ። ሬዲዮኑ እሱን፣ ትምህርት ቤቱ እሱን፣ ፍርድ ቤቱ እሱን። አንድ ነጭ አንዲት ክፉ ቃል ብትወጣው አገር ይነሣበታል። መጀመሪያ ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ወይ አገር አልኩ። በኋላ ሱቄን ያቃጠሉት ግን እንደኔው ጥቁሮች ናቸው። ከደንበኞቼ አንዱን አየሁት፤ ሁልጊዜ ዳቦ የሚገዛኝ ነው። 'ይኼ ያ የምታወሩት ዘረኝነት አይደለም ወይ?' አልኩት። ሳቀብኝ። 'ዘረኝነት የነጭ ነው፤ አንተ መጤ ነህ' አለኝ። ስሜን እንኳ አያውቅም ነበር።»

«አይ ሰው!» አለች ጽገረዳ። «ወንድሜን!» ብላ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

ወንድሜ! ከተመለሰች ወዲህ ባገኘችው ቁጥር እንዲህ ነው የምትለው። እሱም እህቴ ይላታል። ባለፈው እሑድ ሊጠይቃት ሲመጣ፣ ሁለቱ እንደ ሩቅ ዘመድ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመው፣ አንዱ የሌላውን ዓይን እየሸሸ ስለ አየር ፀባይ ሲያወሩ አያ ወልደገሪማ አይተዋል። ተነሥተው ጓሮ ወጡ። እዚያ ቆመው ያልተበላሸ አጥር ሲጠግኑ ቆዩ።

«እኛ አገር ደግሞ ዘረኝነት ካልክ ትግሬ፣ አማራ፣ ኦሮሞ ማለት ነው» አለ ረዲ ጨዋታውን ሊያቀልለው። «አያ ወልደገሪማ እንኳ፣ አያታቸው ከመቐለ ማዶ አሞሌ ጭነው መጥተው ወልድያ ላይ ቀለጡ። የኛ ሰው 'ይኼ ትግሬ' ብሎ ሦስት ቀን አማቸው፤ በአራተኛው ቀን ልጁን ዳረላቸው! ውሸት ነው አያ?»

«እውነት ነው» አሉ አያ ወልደገሪማ። ድምፃቸው አልወጣም፤ ደግመው «እውነት ነው» አሉ።

«እሱ የፖለቲከኛ ነገር ነው፤ ዛሬ ይነሣል ነገ ይበርዳል» አለ ያሬድ። «ግን እኛ ሰውን በደሙ አንንቅም። ባሪያ የለ፣ ጌታ የለ። ቆጠራችን ራሱ ለፍቅር እኮ ነው፤ ሰው ሳያውቅ እህቱን እንዳይበድል። ይህን ለዚያ አገር ሰዎች ሳስረዳቸው ይገርማቸው ነበር። ጋሼ ባይኖሩ እኔ ዛሬ ምን እሆን ነበር?»

«እኔም ለማዳም እንደዚያ ነበር የምላት» አለች ጽገረዳ። «በአባቴ ስም እየማልኩ። አባቴ የአገሩን ሰው ሁሉ እስከ ሰባት ቤት በስሙ ያውቃል፣ በኛ አገር ስም የሌለው ሰው የለም እላት ነበር።»

አያ ወልደገሪማ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። ነፋሱ የማሽላ ብናኝ ይዞ ፊታቸው ላይ መጣ። «ዓይኔ ውስጥ ገባ» ብለው ዓይናቸውን አሹ። ደግ የሆነ ሰው ውሃ አቀበላቸው፤ ያሬድ ነበር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የሳቸው ደግሞ ወለምታም አልነበረም፤ አስበው፣ አውጥተውና አውርደው የተናገሩት ነው። የያሬድን እናት፣ የወይዘሮ ሶስናን ዘር ከአባታቸው ተምረውታል። እናቷ፣ አያቷ፣ ቅድመ አያቷ፤ ከዚያ ወዲያ ቆጠራው ይቆማል። ቅድመ አያቷ ግራና ከተባለው ገበያ ከነጋዴ የተገዛች ልጅ ነበረች። ከየት እንደመጣች አይታወቅም። አባት የላት፣ አያት የላት፤ ማለት አላት እንጂ የጠየቃት የለም። አባታቸው ይህን ሲነግሯቸው «እንዲህ ያለ ሲያጋጥምህ ሰው አታዋርድ፤ ዝምድና ተገኘ በልና ገላግለው» ብለዋቸዋል። ይህ ጨዋነት ይባል ነበር። አያ ወልደገሪማም የልጃቸው ደጃፍ ሲንኳኳ ጨዋ ሆኑ። አምስተኛው ቤት ባዶ ነበር፤ ከራሳቸው ረድፍ አምስተኛውን ሰው፣ ምንዥላታቸውን ሓጎስን አንስተው እዚያ አስቀመጡት። ልጃቸውን ላለመስጠት ብለው ለዚያች ልጅ ከገዛ አጥንታቸው አባት ሰጧት። ያሬድን ይወዱት ነበር እኮ! ሬዲዮናቸው በተበላሸ ቁጥር የሚጠሩት እሱን ነበር። ግን ልጅ መስጠት ሌላ፣ ሬዲዮ መስጠት ሌላ።

አሁን ደግሞ ተማሪው ሚኪኤል ተነሣ። ያሬድ ከጽገረዳ በአምስተኛው ቤት ከተገናኘ፣ የያሬድ ወንድም ከጽገረዳ አጎት ልጅም በዚያው ቤት ይገናኛል፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ልጁ ግን «ስም በስም ተቆጥሮ ካላየሁ አላምንም» አለ። ፍረወይኒም አብራው አለች። ኣሉላ ቸገረውና «ወንድም ጋሼ፣ መጥተው ልጆቹ ፊት ደርድረው ይገላግሉኝ» ብሎ ላከ። እንግዲህ አያ ወልደገሪማ ወይ ሓጎስን ዳግመኛ ከመቃብር ጠርተው ሁለተኛ ትዳር ያፈርሳሉ፤ ወይ ደግሞ የገዛ ልጃቸው ፊት ውሸታም ይሆናሉ። ከቤት ሲወጡ ሓጎስን ሊጠሩ ቆርጠው ነበር። ጽገረዳ «አጎቴን ልጠይቅ፣ አብሬ እሄዳለሁ» ባትል ኖሮ ምናልባት ይጠሩትም ነበር።

መርሳ ደረሱ። የኣሉላ ግቢ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ ነው፤ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለው፣ ከሥሩ ሰሌን ተነጥፏል። ሁለት የመርሳ ሽማግሌዎች፣ ኣሉላ፣ ጥግ ላይ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የሸፈነች ወይዘሮ ሶስና። ሚኪኤል ደብተርና እስክሪብቶ ይዟል። ፍረወይኒ በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ «ግቢ!» ብሎ አባቷ ቢቆጣትም አልገባችም። ረዲ መኪናውን ሊያጥብ ወደ ወንዙ ወረደ።

«ደብተሩ ምንድን ነው?» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«ልጽፈው ነው፣ አባቴ። እንዳይረሳ» አለ ሚኪኤል።

«ሰባ ዓመት ያለ ደብተር አልተረሳም!»

«ተወው፣ ይጻፍ» አሉ አያ ወልደገሪማ። ተቀመጡ። ከረጢቱን ፈቱ። የመጀመሪያዋ ሽምብራ ከጣታቸው አምልጣ ተንከባለለች፤ ያሬድ አንስቶ ሰጣቸው።

የፍረወይኒን ረድፍ ጀመሩ። «ኣሉላ። ተስፋይ። ካሕሳይ። ወልዱ። ሓጎስ...» እስከ ሰባት። ሽምብራዎቹ ቀጥ ብለው ተደረደሩ። የሚኪኤልን የአባቱን ወገን ደረደሩ፤ ምንም የተነካካ ስም የለም። ከዚያ የእናቱን ጀመሩ።

«ሶስና። የሶስና እናት ውድነሽ። የውድነሽ እናት የውብዳር። የየውብዳር እናት ወለተ ገብርኤል።» አራት ፍሬ።

አምስተኛዋን ያዙ። ሓጎስ ማለት ብቻ ነው የቀራቸው። አንዲት ቃል! ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። ጽገረዳና ያሬድ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው ተቀምጠዋል። ሁለቱም እጃቸውን አጣምረው፣ ሁለተኛ ጊዜ ፍርዳቸውን ሊሰሙ የሚጠብቁ ናቸው። የያሬድ ፊት ላይ ቅሬታ እንኳ የለም። አያ ወልደገሪማን ያንበረከካቸው ያ ነው።

«እዚህ ላይ ቆጠራው ይቆማል» አሉ።

«የወለተ ገብርኤል አባት ማን ይባላል?» አለ ሚኪኤል፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ።

«አላውቅም።»

«በአምስተኛው ቤት እንገናኛለን የተባለው እኮ እዚህ ላይ ነው!»

«አትገናኙም። ያኔም አልተገናኛችሁም።» ሽምብራዋን በመዳፋቸው ጨበጧት። «የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ያሬድ ተንጠራርቶ ትከሻቸውን ነካቸው። «ጋሼ ደክሟቸው ነው። ጠዋት ምንም አልቀመሱም። ትንሽ ይረፉና...»

«አልደከመኝም ልጄ። ዋሽቼሃለሁ።»

«ለምን?» ያለችው ጽገረዳ ናት። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር።

አያ ወልደገሪማ አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ ግን ከዚያች ጥግ ከተቀመጠች ሴት ፊት እንዴት ይነገራል? ወይዘሮ ሶስና ነጠላዋን ከግንባሯ ወደ ኋላ መለሰችው።

«እኔ ልንገራቸው፤ እሳቸው ይተዉት» አለች። «ወለተ ገብርኤል በገንዘብ የተገዛች ናት። ግራና ላይ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ። ያንን ስም ያወጣላት ያጠመቃት ቄስ ነው፤ የራሷን ማንም አያውቀውም። እናቴ ናት በጆሮዬ የነገረችኝ። ሽማግሌዎቹ ዝምድና ተገኘ ሲሉኝ ውሸት መሆኑ በዚያው ገብቶኛል። 'እግዚአብሔር ይስጥልኝ' ብዬ ተነሣሁ። ምን ላድርግ? ልጄን ባሪያ ከሚሉብኝ እህቱን ሊያገባ ነበር ይበሉ አልኩ።»

ያሬድ እናቱን አየ፣ ከዚያ ሽምብራዎቹን አየ። አራት ፍሬ፣ ከዚያ ባዶ ሰሌን።

ኣሉላ ጉሮሮውን ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም ኣሉላ፤ ለጎረቤት ደራሽ፣ ለእንግዳ እጁ የማይታጠፍ ነው። «ወንድም ጋሼ» አለ፣ «ይህ ነገር ከዚህ ግቢ አይውጣ። ያው ዝምድና ተገኘ እንበልና እንለያይ። ለወይዘሮ ሶስናም ክብሯ ነው፤ ለልጆቹም።»

«ክብር ነው፣ ክብር ነው» አሉ ሁለቱ ሽማግሌዎች።

«ከዛሬ በኋላ አልልም» አሉ አያ ወልደገሪማ።

«እንግዲያ!» አለ አንደኛው ሽማግሌ በንዴት ተነሥቶ። «ያኔ የዋሸ ሰው ዛሬ እውነት ለመናገሩ ማን ነው ዋሳችን? በርስዎ ቆጠራ እኮ ነው አገር የተጋባው! የኔን ልጅ የዳርኩት በርስዎ ቃል ነው!»

«ልክ ነዎት። ዋስ የለኝም። ከእንግዲህም አልቆጥርም።» ከረጢቱን ገለበጡት። የኣሉላ ዶሮዎች ይኼን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ሮጠው መጡና ኣሉላን፣ ተስፋይን፣ ካሕሳይን፣ አሞሌውን ተሸክሞ የመጣውን ሁሉ ለቅመው ጨረሱት።

ፍረወይኒ ከበሩ ላይ፣ «እንግዲህ ቆጣሪ ከሌለ የሚቀረው የሠርጉን ቀን መቁጠር ነው» አለች።

«ዝም በይ አንቺ!» አለ ኣሉላ። ግን እንደ ልማዱ አልጮኸም። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና፣ «እስቲ አንድ ሳምንት ስጡኝ። ልቤ እሺ አላለኝም። አንድ ሳምንት» አለ። ሚኪኤል ደብተሩን ዘጋ። ወይዘሮ ሶስናን ሊያነሣት ቢሞክር እጁን ገፍታ እዚያው ተቀመጠች።

ያሬድ ግን ገና አልተነሣም። «ጋሼ» አለ፣ ያንኑ አክብሮቱን እንደያዘ፤ ያ ነው የባሰው። «ሱቄን ያቃጠለው ሰውዬ ስሜን አያውቅም ብያችሁ ነበር። እሱን ይቅር ለማለት የረዳኝ ያ አለማወቁ ነው፤ አያውቀኝም አልኩ፣ ቢያውቀኝ አያደርገውም አልኩ። እርስዎ እስከ ምንዥላቴ ድረስ ያውቁኝ ነበር።»

አያ ወልደገሪማ ተነሥተው ወደ አጥሩ ሄዱ። ከአጥሩ ሥር ካለው ካብ የጎመን ራስ የሚያህል ድንጋይ አነሡ፤ ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ አቃሰቱ። በአገሩ ወግ የበደለ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ። ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ ጫኑና በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ ጎንበስ ብለው ወጣቶቹ ፊት ቆሙ።

«በድያለሁ» አሉ ወደ መሬት እያዩ። «ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተሯሯጡ። አረጋዊ ድንጋይ ተሸክሞ ሲቆም ዝም ብሎ የሚያይ የለም፤ የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ቶሎ ማውረድ አለበት። «በል ያሬድ! በል ልጄ፣ ዕዳ አትግባ!» አሉት።

ያሬድ ተነሣ። ፊቱ ረጥቧል። «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ጋሼ» አለና ድንጋዩን ሊያወርድላቸው እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አለች ጽገረዳ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ጽገረዳ መጥታ ከአባቷ ፊት ቆመች። እሳቸው የሚያዩት ነጠላ ጫማዋን ብቻ ነበር፤ ከጅዳ ተጫምታው የመጣችው ያው ነው።

«አባዬ፣ ያንተ ንግግር ቢያልቅ የኔ አላለቀም» አለች። ተወልዳ እስካሁን «አንተ» ብላቸው አታውቅም። ወዲያው ታወቃትና መለሰችው፤ «የርስዎ። በሰው ቤት ባሪያ ሲሉኝ ምን ያህል እንዳለቀስኩ ነግሬዎታለሁ። አቅፈውኝ አብረውኝ አለቀሱ። ምኑን ነበር ያለቀሱት?»

«ላንቺ ነው ልጄ። ለራሴም ነው።»

«ሰባት ዓመት ወንድሜ ስለው!» አለች፣ ወደ ያሬድ ሳትዞር። «ይቅር እላለሁ። አባቴ ነዎት፣ ወዴት እሄዳለሁ። አሁን ግን አልልም። ትንሽ ይያዙት።»

«ኧረ ነውር ነው!» አለ ኣሉላ።

«ይያዙት፣ አጎቴ።»

የአያ ወልደገሪማ ላብ ከቅንድባቸው መሬት ላይ ጠብ ይላል። ያውርዱልኝ አላሉም፤ ማለትም አልፈለጉም። ከሰባት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባቸውን የሰጣቸው ሰው አግኝተዋል። ጽገረዳ ሄዳ ከወይዘሮ ሶስና አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እጇንም ያዘች።

የግቢው በር ተከፈተ። ረዲ ነው፤ እጅጌውን እንደጠቀለለ፣ ሁለት ጣቱን ለፉጨት አፉ ላይ አድርጎ፣ «ተባረከ? እንጨፍር?» እያለ ገባ። ከዚያ ሽማግሌውን ከነድንጋያቸው አያቸውና እጁ ወረደ።

«ቁጭ በል ረዲ» አለችው ጽገረዳ። «ገና ነን።»